ያልወለደ አይቆጠርም

«ጫማ አውልቁ» አለ መምህር አሕመድኑር፣ ጠመኔውን ከጆሮው ላይ እያነሣ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። የመካነ ሰላምን የኅዳር ጠዋት ለማያውቀው ሰው ቢነግሩት አያምንም፤ የተናገሩት ቃል አየር ላይ ረግቶ ይቆይና ፀሐይ ሞቅ ስትል ነው ሰሚው ጆሮ የሚደርሰው። በዚህ ብርድ ጫማ አውልቁ ማለት የመምህር ሳይሆን የጠላት ሥራ ነው። ግን መምህር አሕመድኑር ከከላላ እስከ አጅባር ወደር ያልተገኘለት የባዮሎጂ አስተማሪ ነው። ስለ እንቁራሪት ሲያስተምር የወንዙ እንቁራሪቶች ጩኸታቸውን ትተው ያዳምጡታል ይባላል፤ ያላመነ ሄዶ ይጠይቃቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ኡምኩልሱም አወለቀች፣ ቀጥላ ጎኗ የተቀመጠችው ጸደንያ፤ ከዚያ የኋላ ወንበር ወንዶች እየተጎሻሸሙ አወለቁ።

መምህሩ ወለሉ ላይ በገመድ ሰፊ ክብ ሠራና አርባ ስድስት ጫማ በጥንድ በጥንድ ደረደረበት። የሁዜይፋ ቦት ጫማ ሲገባ ሁሉም መስኮት ተከፈተ።

«ይህ ገመድ አንድ ሴል ነው። ጫማዎቹ ክሮሞሶሞች ናቸው፤ ሃያ ሦስት ጥንድ። ከየጥንዱ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት የመጣ ነው። ቁመታችሁ ሲጨምር፣ ቁስላችሁ ሲሽር፣ ሴሉ መጀመሪያ ሁሉንም ይገለብጣል» አለና ጎንበስ ብሎ የእያንዳንዱን ጫማ ዙሪያ በጠመኔ አሰመረ። «ከዚያ እኩል ይከፈልና ሁለት ሴል ይሆናል፤ ለያንዳንዱ ሙሉ አርባ ስድስት። ሁላችሁም የጀመራችሁት ከአንዲት ሴል ነው፤ ከጤፍ ፍሬ በብዙ እጥፍ ከምታንስ ነገር። ከእሷ ነው ይህ ሁሉ ወሬኛ የወጣው።»

ጸደንያ የገዛ እጇን አየችው። አንድ ሁለት እየሆነ፣ ሁለት አራት እየሆነ፣ ማንም ሳያዝዘው ጥፍሩን በጥፍር ቦታ፣ ጅማቱን በጅማት ቦታ ሲያስቀምጥ ታሰባት። የዞኑ አናጺዎች በሙሉ ተሰብስበው ዓለም እስኪያልፍ ቢሠሩ የአንዷን ጣት ያህል አይጨርሱም።

«ለዘር ሲሆን ግን ጥንዶቹ ይለያያሉ» ቀጠለ መምህሩ። «ከየጥንዱ አንድ ብቻ ይሄዳል፤ ግራው ይሁን ቀኙ ዕጣ ነው።» የኡምኩልሱምን ነጠላ ጫማ አንሥቶ ከሁዜይፋ ቦት ጫማ ጎን አኖረው። «ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ። ይኸው ልጅ ተወለደ።»

«ቲቸር፣ እኔ በዚህ ጋብቻ አልተስማማሁም» አለች ኡምኩልሱም። «ሽማግሌም አልተላከም።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጸደንያ ግን እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እናትም አባትም እየሰሙ፣ ልጃቸው ሳይሰማ ሊወለድ ይችላል?»

ሳቁ ቆመ። ማንን እንደምትል የማያውቅ የለም። ታላቅ ወንድሟ ቃለ ክርስቶስ፣ ከተማው ቃሌ የሚለው፣ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም።

መምህር አሕመድኑር ሁለት ጥንድ ጫማ፣ አንዱን ለእናት አንዱን ለአባት፣ መረጠና ከያንዳንዱ ጥንድ በአንደኛው ውስጥ፣ ከሥሩ፣ በጠመኔ ምልክት አደረገ። «ከላይ ስታዩት ለውጥ አለው? የለውም። አንዱ ምልክት ቢኖርበትም ጓደኛው ሥራውን ይሠራለታል። ድብቅ ዘረመል የምንለው ይህን ነው። ሰውየው ተሸክሞት ይኖራል እንጂ አያውቀውም። ሁለት ተሸካሚዎች ተጋብተው፣ ልጁ ከሁለቱም ምልክት ያለበት ከደረሰው፣ ያኔ ይገለጣል። ዕድሉ በየእርግዝናው ከአራት አንድ ነው። አለመስማት በበሽታም ይመጣል፤ ግን እንዲህም ይመጣል።»

«ጥፋቱ ታዲያ የማን ነው?»

«የማንም። ዕጣ ጥፋት የለውም፣ ጸደንያ።»

ጸደንያ የጠየቀችው ለፈተና ብላ አልነበረም። ከትናንት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠ ነገር ነበር።

ትናንት አክስቷ የትምወርቅ ከአዲስ አበባ መጣች። የአባቷ ታናሽ እህት ናት። እንደሷ ያለች አክስት ከአባይ ወዲህም ወዲያም አልተፈጠረችም፤ ጸደንያን ፊደል ያስቆጠረቻት እሷ ናት፣ ቃሌ ትምህርት ቤት ይግባ ብላ ከቤተሰቡ ሁሉ ጋር የተጣላችውም እሷ ናት። ልጅ ግን የላትም። አለኸኝን ካገባች ጀምሮ ስትመኝ፣ ስለት ስትሳል ኖራለች።

ጓሮ ልብስ እያሰጡ ሳለ ነው ወሬውን ያመጣችው።

«ጸዲ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቅዳሜ ጠዋት ቃሌን ይዘን ላብራቶሪ እንሂድ። ደም ይሰጥልኝ።»

«ታሟል እንዴ?»

«አልታመመም።» የትምወርቅ የጨመቀችውን ሸሚዝ ደግማ ጨመቀችው። «እኔና አለኸኝ ሕክምና ጀምረናል። ፅንሱ የሚጀመረው ከማኅፀን ውጭ ነው። ብዙ ይሆናሉ። ትንሽ ቀን ሲሞላቸው ከያንዳንዳቸው ጥቂት ሴል ይወስዱና ያዩታል። ከዚያ የሚተከለውን ይመርጣሉ።»

«ምን አይተው ነው የሚመርጡት?»

«የአለኸኝ የእህቱ ልጅም አይሰማም። ሐኪሙ፣ በሁለታችሁም ቤት ካለ፣ መጀመሪያ የማይሰሙት ሰዎች ደም ይመርመርና የትኛው ዘረመል እንደሆነ ይታወቅ አለን። የዚያኛውን ወስደናል። የቀረው የቃሌ ነው።»

«ከዚያ እንደ ቃሌ ያለውን ይተዉታል።»

«እንደዚያ አትበይው፣ ጸዲ።»

«እንዴት ልበለው?»

አክስቷ ሸሚዙን ገመዱ ላይ ጣለችና ዓይኗን በእርጥብ እጇ ጠረገች። «ያንቺ ወንድም ለኔም ልጄ ነው። ግን እናትሽ ያየችውን ዐይቻለሁ። ልጇን ስትጠራው ዞር ሳይልላት፣ ሰው በመንገድ ሲሰድበው ሳይሰማ ፈገግ ሲል። ችዬ ብቀንሰው ኃጢአት ነው? ለቃሌ ምንም አትንገሪው። ለጤናው ነው፣ ደም ማነስ ሊያዩለት ነው በይው። አንቺን ያምናል።»

«ልዋሸው?»

«ልቡ እንዳይሰበር ብዬ ነው፤ ወላሂ።»

ነገሩ ይህ ነው። ጸደንያ በአፏ እንደ ማንኛውም ልጅ ትዋሻለች፤ ውኃ ሳትቀዳ ቀድቻለሁ፣ ሳታጠና አጥንቻለሁ ብላ ታውቃለች። በእጇ ግን ለቃሌ አንድም ቀን ዋሽታ አታውቅም። ለእሱ የዓለም ወሬ ሁሉ የሚደርሰው በእሷ ጣቶች በኩል ነው፤ የሐኪሙ፣ የዳኛው፣ የጎረቤቱ ሐሜት ሳይቀር።

ቃሌ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀበል ሰው አይደለም። ዘንድሮ ዐሥራ ስምንት ሞልቶታል። የሰውን አረማመድና ፊት አንድ ጊዜ ካየ ለዘለዓለም ይዞታል፤ ከንቲባውን ሲያስመስል የከንቲባው ውሻ ጅራቱን እየቆላ ተከትሎታል። ለከተማው ሰው በሙሉ የምልክት ስም አውጥቷል። መምህር አሕመድኑር «ጆሮ ላይ ጠመኔ» ነው። አክስቷ የትምወርቅ ጉንጭ ላይ የተጫነች አንዲት ጣት ናት፤ ስትሥቅ የሚሰረጉደውን።

በዚያው ዓርብ ከትምህርት ስትመለስ አያቷ መሪጌታ ተረፈ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ነበር። በእኚህ ሰው ዘመን እሳቸው ሳይቆጥሩለት የተጋባ የለም። ሽማግሌ ሲላክ የሁለቱን ወገን ዘር እስከ ሰባት ቤት ድረስ ያወርዱታል፤ ሥጋ ዘመድ ሆኖ ከተገኘ ጠላው ቢጠመቅም፣ በሬው ቢታረድም ሠርጉ ይቀራል። የአራት ወረዳ ሰው ዘር በጭንቅላታቸው አለ። አንዳንዴ የበቅሎዎቹንም ይቆጥራሉ ይባላል፤ በቅሎ አይወልድም ብሎ የሚከራከር ካለ ከእሳቸው ጋር ይጨርስ።

«አባባ፣ የአባዬንና የእማዬን ቤት ይቁጠሩልኝ።»

መሪጌታ እስከ ጆሯቸው ፈገግ አሉ። «ልታገቢ ነው?»

«ኧረ አቦ፣ አባባ። ለትምህርት ነው።»

ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። የአባቷን ወገን እንደ ድጓ አወረዱት፤ ከእሳቸው ወደ አባታቸው ፈንታሁን፣ ከፈንታሁን ወደ አባቱ፣ እስከ ሰባተኛው። ከዚያ የእናቷን የንግሥቴን። ትንፋሽ አልወሰዱም። «ንጹሕ ነው» አሉ ሲጨርሱ። «የትም ቦታ አይገናኝም። እኔው ቆጥሬ ነው ያጋባኋቸው።»

«አባባ፣ ፈንታሁን እህት ወንድም አልነበራቸውም?»

«እንዴት አይኖራቸውም።»

«ታዲያ ሲቆጥሩ አንዳንዶቹ የሉም።»

«ያልወለደ አይቆጠርም፣ ልጄ። ቆጠራው ለጋብቻ ነው። ዘር ያልተወ ሰው ከማን ጋር ያዛምድሻል?»

«ያልወለዱት እነማን ናቸው?»

በሕይወታቸው ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቋቸው አያውቅም።

«አልታየች ነበረች» አሉ በመጨረሻ። «ያባቴ እኅት። አትሰማም ነበር፤ ስለዚህ የሚያገባት ጠፋ። ግን ስሚ፣ ያቺን ሴት የሚያህል አልነበረም። ባዶ እግሯን መሬት ላይ ታደርግና ፈረሰኛ ከወንዝ ማዶ ሲነሣ ታውቃለች። አባቴ ‹አልታየች ቆማለች፣ እንግዳ አለ› ይሉና ቤት ይሰናዳል። ተሳስታ አታውቅም። እኛ ልጆቹ ደግሞ የእጇን ቋንቋ ሁላችንም እናውቅ ነበር።»

ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ተነሣች። ጣቶቻቸው ተሰብስበው አፋቸውን ነኩ፣ ከዚያ ወደ ደረታቸው ታጠፉ። ራሳቸውም የገረማቸው ይመስል እጃቸውን አዩት። «‹ና ብላ› ማለቷ ነው» አሉ።

«በእማዬ ወገንስ?»

«በእናትሽ ወገን...» አሉና ወደ ቤቱ በር ዞሩ። «ይሄነው የሚባል ነበር። የአያቷ ወንድም፣ ሳንቃ ሰንጣቂው። እሱም አይሰማም ነበር። ሁለቱንም አውቃቸው ነበር እኮ። አጠገቤ ነበሩ።»

በትራቸውን ይዘው ተነሡ። ቃሌ እንደማይሰማ የታወቀ ሰሞን ከተማው ምክንያት ሲፈልግ፣ ንግሥቴ ነፍሰ ጡር ሳለች መብረቅ ባለበት በመውጣቷ ነው ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ንግሥቴ ሰማዩ ባስገመገመ ቁጥር በር ዘግታ ትቀመጣለች። አሁን መሪጌታ ወደ በሩ ቀርበው ወደ ውስጥ ሲናገሩ ጸደንያ ሰማች።

«ንግሥቴ፣ መብረቁ አይደለም። ከሁለታችንም ቤት ነው።»

ውስጥ የሚፈጨው ነገር ቆመ። ከዚያ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ «ዛሬ ነው የሚነግሩኝ?»

ቅዳሜ ጠዋት ጸደንያ፣ ቃሌና የትምወርቅ አብረው ወጡ። መንገድ ላይ ጸደንያ ስለ አልታየች ለቃሌ ነገረችው። ቆም ብሎ አያት። «የምልክት ስሟ ማን ነበር?» አለ በእጁ። የሚያስታውሰው የለም አለችው። ቃሌ ትንሽ አሰበና መዳፉን ወደ መሬት ዘርግቶ በቀስታ አርገበገበው። ለአልታየች ስም ሰጣት። ከዚያ ወደ ፊት ሄደና መንገዱ ላይ እግሩን ተክሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ባጃጅ እየመጣ ነው፤ ሹፌሩ ፀጉሩን አላበጠረም» አለ። ባጃጅ መጣ። ሹፌሩ አላበጠረም ነበር። ይህን እኔ ስላልኩ ሳይሆን የትምወርቅም ምስክር ናት።

ላብራቶሪው አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ መስኮት ያለው ጠባብ ቤት ነው። ሦስቱም ተቀመጡ። ቃሌ ደም የምትወስደውን ባለሙያ መነጽር አስተካከል አጥንቶ ጨርሶ፣ ልክ እንደሷ አፍንጫው ላይ የሌለ መነጽር እየገፋ ጸደንያን አሣቃት።

«በይ ንገሪው» አለች የትምወርቅ በቀስታ።

ጸደንያ እጆቿን አነሣች። ቃሌ ዓይኑን ጣቶቿ ላይ ተከለ፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ ሳይጠራጠር። «ደም ማነስ» ለማለት ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ ይበቃል። ጣቶቿ የመጀመሪያውን ጀምረው ቆሙ።

«አልልም» አለች፤ ይኼኛውን በአፏ።

«ጸዲ...»

«እውነቱን ከሆነ እነግረዋለሁ። ሌላ ከሆነ አንቺ ራስሽ ንገሪው፣ እቴቴ። በኔ እጅ አይሆንም።»

«ሰዓት የለንም እኮ። ነገ መመለሴ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ቃሌ ከአንዷ ወደ ሌላዋ አየ። «ምንድን ነው?» አለ።

የትምወርቅ መሬት መሬት አየች። ከዚያ አንገቷን አንዴ ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ነው።

ጸደንያ ሁሉንም ነገረችው። ልጅ ያጣችውን አክስት፣ ከማኅፀን ውጭ የሚጀመረውን ፅንስ፣ የሚታየውን፣ የሚመረጠውን፣ የሚተወውን። ምንም አላስቀረችም፤ ደም ማነስ በይው መባሏንም። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲዘጋ እያየች እጆቿ አልቆሙም።

«እማዬ እኔን ሳትወልድ ቢያዩ ኖሮ?» አለ።

የጸደንያ እጆች ጭኗ ላይ ወደቁ።

ቃሌ ተነሥቶ ወጣ። በሩን አላላተመም፤ ድምፁ ለእሱ ምን ይጠቅመዋል። ከደጅ ያለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆመና ጀርባውን ሰጣቸው።

«ሰበርሽው» አለች የትምወርቅ። ወዲያው ደግሞ፣ «እኔ ነኝ» አለች። ነጠላዋን አጣፋችና ተከትላው ወጣች። ጸደንያ ልትነሣ ብላ መልሳ ተቀመጠች።

በመስኮቱ አየቻቸው። የትምወርቅ የምታውቀው ምልክት ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም። ፊቱ ዞራ ቆመች። ደረቷን ነካች፤ እኔ። እጆቿን ሕፃን እንደ ታቀፈች አወዛወዘች፤ ልጅ። ቀጥሎ የሞከረችው ምልክት ምንም አልነበረም፤ ጣቶቿ ተሳክረው ቀሩ። ቃሌ እጇን ያዘና ጣቶቿን አንድ በአንድ አስተካከለላት፤ እፈልጋለሁ።

ደግማ አለችው። እኔ፣ ልጅ፣ እፈልጋለሁ።

ቃሌ ጠየቃት። አልገባትም። ጆሮውን ነክቶ ቀስ ብሎ ደገመው፤ መርጠውም፣ አጣርተውም፣ እንደኔ ሆኖ ቢመጣስ? ይህን ጸደንያ ከመስኮቱ ውስጥ ሆና አነበበችው። የትምወርቅም ይኼኛው ገባት። ሁለቱንም መዳፎቿን ወደ ላይ ገልብጣ ዘረጋች፤ ትከሻዋ ወደቀ። አላውቅም። ይህን ምልክት ማንም አላስተማራትም።

ቃሌ የዛፉን ቅርፊት በጥፍሩ ላጥ ላጥ አደረገ። ጸደንያ አሁን ወደ ቤት ይሄዳል ብላ አሰበች፤ ቢሄድም ትክክል ነው። አክስቷ ግን አልነካችውም፣ አልለመነችውም፤ እዚያው ቆማ ጠበቀች።

ሲመለስ ከፊት እሱ ነበር። ጸደንያ ፊት ቆመና እጅጌውን ጠቀለለ።

«ዋሽታ ቢሆን አልሰጥም ነበር» አለ። «ጠይቃኛለች። የሚመርጡት ነገር አልጣመኝም፤ ይህንም ንገሪያት። ደግሞ ለሐኪሞቹ አንድ መልእክት አለኝ፤ በዚህ ደም ውስጥ መልክም አለ። እሱን አብረው እንዳይጥሉት።»

ጸደንያ ቃል በቃል አስተረጎመችው፤ ያልጣመውንም፣ መልኩንም። የትምወርቅ በመጀመሪያው አንገቷን ደፋች፣ በሁለተኛው ሣቀች፤ ጉንጯ ላይ ያለው ስርጉድ በእንባዋ ሞላ።

ባለሙያዋ በሩን ገፋ አድርጋ ብቅ አለች። «ቃለ ክርስቶስ ማነው? ይግባ።» ጸደንያ ወደ ቃሌ እየጠቆመች ጆሮዋን ስትነካ ገባት። «አስተርጓሚ አለው? አብሮት ይግባ፤ አንድ ሰው ብቻ።»

የትምወርቅ ወደ ጸደንያ ዞረች። ሁልጊዜም፣ በየቢሮውም በየሐኪም ቤቱም፣ እንዲህ ሲባል የምትነሣው ጸደንያ ናት።

ጸደንያ እጆቿን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«እሷ ትገባለች» አለች ለባለሙያዋ።

«እኔ ምን ብዬ...» አለች የትምወርቅ።

«ያላወቅሽውን ያስተካክልልሻል።»

የትምወርቅ ተነሣች። የቃሌን ትከሻ በሁለት ጣት ነካ አድርጋ ወደ በሩ አመለከተች፤ ተከታትለው ገቡ። በሩ ሲዘጋ ጸደንያ አግዳሚው ላይ ብቻዋን ቀረች። ከውስጥ ምንም ድምፅ አይሰማም። ልታይ ብላ አልተነሣችም።